ከብረት የተቀዳ ግርማ

ዛሬ በኮምፒውተር ተቀናብሮ የሚወጣ መዝሙር ስንሰማ ጆሯችን የሚደርሰው ዘማሪው ማይክራፎን ፊት ቆሞ ያወጣው ድምፅ ብቻ አይደለም። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ እየሳሳ፣ እየራቀ የሚሄድ ሌላ ድምፅ ይከተለዋል። የስቱዲዮ ሰዎች ሪቨርብ ይሉታል፤ አብዛኛው አድማጭ በደፈናው ኢኮ ይለዋል። ዘማሪው የቆመው ግድግዳዋ በስፖንጅ በተሸፈነች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ አድማጩ ግን ከፍ ባለ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ታላቅ ካቴድራል ውስጥ የሚዘምር ይመስለዋል። ለዘፈን ከሆነ ጉዳዩ የውበትና የምርጫ ነው፤ የትኛውም ዘፋኝ የቆመበትን ቦታ በትክክል እንዲነግረን ቃል አልገባልንም። ጸሎት ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። በዜማ ወደ እግዚአብሔር በሚቀርብ ቃል ላይ በማሽን የተሠራ ግርማ መጨመር ይገባል ወይ? ቢገባስ እስከ የት ድረስ? የያሬድን ዜማ በአቋቋም አስጊጦ ለአገር ያስተማረው ጎንደር ይህን ጥያቄ ከማንም ቀድሞ ሊያነሣው ይገባል። መልሱንም ከራሱ አብያተ ክርስቲያናት አሠራርና ከማኅሌቱ ሥርዐት ማግኘት ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ጥያቄ ከሪቨርብ ዓይነቶች ሁሉ ይበልጥ የሚያመራምረው ፕሌት የተባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ኢ.ኤም.ቲ. የተባለ የጀርመን ኩባንያ 140 የሚል ቁጥር የሰጠውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ዝርግ ብረት ነው፤ በጠንካራ ማዕቀፍ ውስጥ ተወጥሮ ይንጠለጠላል። መሐል አካባቢ የተገጠመ ትንሽ ማንቀሳቀሻ የዘፋኙን ድምፅ ተቀብሎ ብረቱን ያርገበግበዋል። መርገብገቡ እስከ ጠርዙ ሄዶ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል፤ ብረቱ ላይ የተጣበቀ መቀበያም ይህን ምልልስ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ከጎን የቆመ ሌላ ሰሌዳ ወደ ብረቱ ሲጠጋ ድምፁ በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይሞታል፤ ሲርቅ እስከ አምስት ሰከንድ ይቆያል። ከነሣጥኑ 270 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ስለነበር የነበራቸው ስቱዲዮዎች የራሱን ክፍል ይሰጡት ነበር። ያ ሁሉ ብረት ዛሬ ላፕቶፕ ውስጥ ገብቷል። የዩኒቨርሳል ኦዲዮ፣ የዌቭስ፣ የሳውንድቶይስና የቫልሃላ ፕላግኢኖች የብረቱን ጠባይ በስሌት ይተኩታል፤ አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ያለ አቀናባሪ በማውስ አንድ ጊዜ ተጭኖ ይከፍተዋል።

እዚህ ላይ የድምፁን ጠባይ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሰው አዳራሽ ውስጥ ሲዘምር አስቀድሞ የሚሰማው ከአፉ በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ነው። ከቅጽበት በኋላ ከቅርቡ ግድግዳ፣ ቀጥሎ ከጣሪያው፣ ቀጥሎ ከሩቁ ግድግዳ የተመለሱት ይደርሳሉ፤ በመጨረሻ ሁሉም ተደበላልቀው ይከስማሉ። ጆሮ የቦታውን ስፋት የሚገምተው በዋናነት እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ምላሾች በዘገዩበት ልክ ነው። ብረቱ ግን ይህን ቅደም ተከተል አያውቅም። ድምፁ ገና እንደገባ ጥቅጥቅ ይላል። በዚያ ላይ ቀጭኑ ድምፅ በብረቱ ውስጥ ከወፍራሙ ቀድሞ ይሮጣል፤ በአየር ውስጥ ሁለቱ እኩል ነው የሚጓዙት። ስለዚህ ፕሌት ለጆሮ «እዚህ ቦታ ነኝ» አይልም። «ካቴድራል» ወይም «ትልቅ አዳራሽ» የሚል ስም የተለጠፈበት ሪቨርብ ግን ይላል፤ ሥራውም ይኸው ነው፣ ያልተገነባ ጣሪያ ማሰማት። ይህን ልዩነት ቀላል አድርጌ አላየውም። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሠዓሊ የመላእክቱን ዓይን አጉልቶ ሲስል ማንም ዋሸ አላለውም፤ የሰው ዓይን ልኩ ይህ ነው ብሎ አላቀረበምና። ፕሌትም በመጠኑ ሲሆን የዚህ ወገን ነው፤ የድምፅ ቀለም ነው እንጂ የቦታ ምስክር አይደለም።

ይህ ማለት ግን ፕሌት ከደሙ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አራት ሰከንድ እንዲቆይ ከተለቀቀ እሱም ያንኑ ስሜት ይፈጥራል፦ ርቀትን፣ ከፍታን፣ ግርማን። ታዲያ ይህ ግርማ የማን ነው? ወደ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት እንግባና እንስማ። ቀዳማዊ ኢያሱ የመሠረተው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ታላቅ ስም ያለው ትንሽ ቤት ነው። ጣሪያው በሣር የተከደነ ነው፤ ከውስጥ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት የተሣለበት እንጨት ተዘርግቷል፤ ግድግዳው ሥዕል በተሣለበት ጨርቅ ተሸፍኗል። በሰሜን ጎንደር ደጋ እስከ ደባርቅና ዳባት በየገጠሩ በጥንቱ አሠራር የተሠሩትን ክብ አብያተ ክርስቲያናት ብንወስድ ደግሞ ጭቃና ጭድ የተመረገ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ወይም ቄጠማ እናገኛለን። ውስጡ በቅኔ ማኅሌት፣ በቅድስትና በመቅደስ ስለሚከፈል ድምፅ የሚንሸራሸርበት አንድ ባዶ ስፋት የለም። በዚያ ላይ ጋቢና ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ይሞላዋል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ በሃርቫርድ በኦርጋን ቱቦና በሰዓት እየለካ ያረጋገጠው ነገር እዚህ ይሠራል፦ የድምፅ ማስተጋባት በቦታው ስፋት ይረዝማል፣ ድምፅ በሚመጥጠው ነገር ብዛት ያጥራል፤ የለበሰ የሰው አካልም ከዋነኞቹ መጣጮች አንዱ ነው። ሣር፣ ጨርቅ፣ ጭቃ፣ ጋቢ፣ ይህ ሁሉ ድምፅን ውጦ የሚያስቀር ነው።

እንግዲህ የያሬድ ዜማ በእኛ ደጋ የኖረው ድምፅን በማይመልስ ቤት ውስጥ ነው። ይህ ጉድለት ሳይሆን ለዜማው የተስማማ ማደሪያ ነበር። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሥርዐት አስያዙት የሚባለው የዜማ ምልክት የተመሠረተው በጥቃቅን የድምፅ እንቅስቃሴ ላይ ነው። ይዘት አለ፣ ደረት አለ፣ ድምፁ በፍጥነት የሚርገበገብበት ርክርክ አለ፣ ድምፁ ተቆርጦ የሚቆምበት ቁርጥ አለ። ርክርክ ላይ ሦስት ሰከንድ ሪቨርብ ሲጫንበት አንዱ እርግብግቢት በሌላው ላይ ይደረባል፤ ጆሮ የሚይዘው አንድ የተድበሰበሰ ወራጅ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ቁርጥ ላይማ ነገሩ የባሰ ነው። መሪጌታው ትንፋሹን ይዞ ባቆመበት ቦታ ማሽኑ ይቀጥላል፤ ዝም ሊባል የተወሰነበት ቅጽበት በብረት ይሞላል። ዓመታት ተጉዞ፣ ቆሎ ቆርጥሞ፣ ከየኔታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ የተማረ ሰው የትኛው ቃል ላይ እንደሚቆም ጠንቅቆ ያውቃል፤ ያን ዕውቀት አንዲት ያለልክ የተለቀቀች ቁልፍ ትሽረዋለች።

ታዲያ ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ያ ግርማ ከየት መጣለት? ቤቱ ካልመለሰው ማን መለሰው? ሰዎች ናቸው የመለሱት። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል። በቁም ዜማ ይጀመራል፤ በዝማሜ መቋሚያው ይወዛወዛል፤ ጸናጽሉ ይገባል፤ በመረግድና በጽፋት ከበሮው እየጠነከረ ይሄዳል፤ በወረብ ሕዝቡ በጭብጨባና በእልልታ ይቀላቀላል። ላይ ቤትም ሆነ ታች ቤት የሚባለው የጎንደር አቋቋም ሥሪቱ ይህ ነው፦ ከአንድ ድምፅ ተነሥቶ ወደ ብዙ ድምፅ መሄድ። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የጥምቀት በዓል ነው። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወርደው በፋሲል መዋኛ አካባቢ ሲያድሩ፣ በማግሥቱም ሲመለሱ፣ ጎንደር በዓመቱ ውስጥ የሚሰማው ታላቁ ዝማሬ ይዘመራል፤ ከሊቃውንቱ ራስ በላይ ግን ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ጣሪያ የለም፤ ግርማው ግን አለ።

ዋናው ሐሳቤ እዚህ ላይ ነው። ማስተጋባትና መቀበል ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ ሁለቱም ከድምፅ በኋላ የሚመጣ ድምፅ ናቸው። በመንፈስ ግን ተቃራኒ ናቸው። ከደባርቅ ወርዶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ጨርሶ ድብ ባሕር የደረሰ መንገደኛ ወደ ገደሉ ቢጣራ የገደል ማሚቶ የሚመልስለት የራሱን ቃል ነው፤ አንድም አይጨምርበትም፣ አያርመውም፣ አይቃወመውም። በማኅሌት ግን ከግራ የሚመጣው ድምፅ ሌላ ነፍስ፣ ሌላ ትንፋሽ፣ ሌላ እምነት ነው። ኢሳይያስ በራእዩ ያያቸው ሱራፌል ቅድስናውን ያወጁት አንዱ ለአንዱ እየጮኸ እንጂ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ እያዳመጠ አልነበረም። ጸሎት ከራስ ወጥቶ ወደ ሌላ መድረስ ከሆነ፣ የራሱን ድምፅ አስውቦ መልሶ ለራሱ የሚያሰማ ማሽን አንድ ፈተና ይዞ ይመጣል፦ ሰው የራሱን ማሚቶ ከላይ የመጣ መልስ አድርጎ እንዲቀበል። ስለዚህ መመዘኛዬ መሣሪያው ሰው ሠራሽ ነው አይደለም የሚለው አይደለም። መመዘኛዬ፣ ይህ ሪቨርብ የሌለውን ተቀባይ ተክቶ ቆሟል ወይ የሚል ነው። ቃሉን ለማስደመጥ ከገባ አገልጋይ ነው። በቀኝና በግራ ሊቆሙ የሚገባቸውን ሰዎች ሊተካ ከገባ ግን ቦታቸውን ቀምቷል።

አንዱ ጠንካራ ተቃውሞ ከቀረጻው ሙያ ይመጣል። ያለ ሪቨርብ የተቀረጸ ድምፅስ እውነት ነው ወይ? ማይክራፎኑ ከዘማሪው አፍ አንድ ስንዝር ርቆ ይቆማል፤ ምራቁ ሲዋጥ፣ ከንፈሩ ሲላቀቅ ይሰማል። ከመሪጌታ አፍ አንድ ስንዝር ጆሮውን አስጠግቶ ማኅሌት የሰማ ምእመን የለም። ይህ ትክክል ነው፤ እኔም ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ። የስቱዲዮ ድርቀት ራሱ የተሠራ ነገር ነው፤ ከዘማሪው ጋር የማይገባንን ቅርበት ይሰጠናል። ስለዚህ በመጠኑ የገባ ፕሌት፣ አንድ ሰከንድ ገደማ ላይ ተይዞ፣ ወፍራሙ ድምፅ ተጣርቶለት፣ ከቃሉ በታች ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ያንን ያለ አግባብ የቀረበ ድምፅ ወደ ተገቢው ርቀት ይመልሰዋል። ከምንም ይልቅ ጥቂቱ ለእውነት ይቀርባል። ተቃውሞው ያሸነፈው ግን እስከዚህ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን አራት ሰከንድ አያጸድቅም።

ሌላው ተቃውሞ ከሃይማኖቱ ውስጥ ይነሣል፤ ከባድም ነው። ዜማችን በትውፊቱ ከሰማይ የተሰማ ነው፤ ታዲያ የሰማይን ርቀት የሚያስታውስ ድምፅ ቢለብስ ምን ነውር አለው? የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትስ በዚያ መንገድ አልሄዱም ወይ? በእርግጥ ሄደዋል። በቁስጥንጥንያ የሐጊያ ሶፍያ ድምፅ ከአሥር ሰከንድ በላይ ይቆያል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እዚያ ፊኛ አፈንድተው ምላሹን ቀረጹ፤ ካፔላ ሮማና የተባለው የመዘምራን ቡድን የዘመረውን ዜማ በኮምፒውተር በዚያ ምላሽ ውስጥ አሳልፈው እ.ኤ.አ. በ2019 አልበም አወጡ። ሥራው ያስደንቀኛል። የሚያስደንቀኝ ግን ማስተጋባቱ ረጅም ስለሆነ አይደለም፤ ዜማው በእርግጥ የተዘመረበት ቤት ድምፅ ስለሆነ ነው። እነሱ ለአባቶቻቸው ቤት መሰከሩ። እኛ የእነሱን ጉልላት ለመሪጌታችን ስናለብሰው ለማን እየመሰከርን ነው? የሰማይን ነገር በተመለከተም፣ ኤልያስ በኮሬብ የእግዚአብሔርን መገኘት ያወቀው በነፋሱ፣ በምድር መናወጡና በእሳቱ አልነበረም፤ ከሁሉ በኋላ በመጣው ዝግ ያለ ድምፅ ነበር። ቅዱስ ያሬድ ራሱ በመጨረሻ ወደ ሰሜን ተራሮች መግባቱን ጠቅሶ «ገደል የሚያስተጋባበትን አገር መርጦ የለም ወይ?» የሚል ሊኖር ይችላል። ትውፊቱ ከዚያ ሕይወቱ የሚያነሣልን ግን ምናኔውንና ደቀ መዛሙርቱን ነው፤ የገደሉን ድምፅ አይደለም። የላስታ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም ድንጋይ ስለሆኑ ድምፅ ይመልሱ ይሆናል፤ የላሊበላን ማኅሌት የሚቀርጽ ሰው የላሊበላን ድምፅ ቢያስቀር ደስ ይለኛል። ክርክሬ ከቤቱ እውነት ጋር የሚስማማ ድምፅ ይሁን የሚል ነው እንጂ ድርቀት በራሱ ቅዱስ ነው የሚል አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን የአድማጩ ጉዳይ ነው። በሰው አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር እኅት፣ ሆስፒታል የተኛ በሽተኛ፣ ሌሊት በሥራ ላይ ያለ ዘበኛ በስልኩ መዝሙር ሲከፍት፣ ያ ረጅም ድምፅ ከጠባቡ ክፍል ያወጣዋል፤ ልቡን ያሳርፋል። እንባውም እውነተኛ እንባ ነው። ይህን የሚያጣጥል ሰው የመዝሙርን ነገር አያውቅም። ነገር ግን ይኸው አድማጭ ብቻውን ነው፤ በጣም የጎደለውም ሕዝብ ነው፣ ማኅበር ነው። ሰፊ ባዶ አዳራሽ ከምንሰጠው አብረውት የሚቀበሉ አሥር ሰዎች ብንሰጠው አይሻልም ወይ? ገንዘብና ቦታ ይጠይቃል እንደሚባል አውቃለሁ፤ አንድ ዘማሪ፣ አንድ ኪቦርድና አንድ ፕላግኢን ርካሽ ናቸው። ይሁንና በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ያለ ክፍያ የሚዘምሩ ወጣቶች ሞልተው ሳለ የእነሱን ቦታ ለስሌት መስጠት በገንዘብ እጥረት ብቻ የሚመካኝ አይደለም። ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ይታረማል።

ብቻውን የሚያዜም ድምፅ ያለ ምንም ካባ ሰው ልብ ውስጥ መግባት አይችልም የሚል ካለ ሙዚቀኛዋን መነኩሴ እማሆይ ፅጌማርያም ገብሩን ያድምጥ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የያሬድን ዜማ በሚያጠኑበት ጊዜ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ብርድ ላይ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ወሰኑ፤ የመጀመሪያው ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ታተመ። ከዕረፍታቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አልበም ግን ለክርክሬ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። ቤታቸው ውስጥ ለብቻቸው በካሴት የቀረጹት ዜማ ነው፤ ድምፃቸው እንዳለ፣ ከመስኮት ውጭ ከሚንጫጩ ወፎች ጋር ይሰማል። ያ ክፍል ትንሽ ነው፤ ማንም ትልቅ ሊያስመስለው አልሞከረም። አድማጭ የሚሰማው አንዲት መነኩሴ በአንድ እውነተኛ ቀን፣ በአንድ እውነተኛ ቤት ያዜሙትን ነው። ከዚያ ላይ ካቴድራል ቢደረብበት ምን ይጨመርልን ነበር? የሚቀነሰውን ግን አውቀዋለሁ፤ ሴትዮዋን እናጣ ነበር።

ይህን ሁሉ አስቸኳይ የሚያደርገው የትምህርቱ ጉዳይ ነው። በአቋቋም ትምህርት ስሟ በገነነው በጎንደር በዓታም ሆነ በየአድባራቱ፣ ዜማው ዛሬም ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚተላለፈው፤ ተማሪው ግን ስልክ ይዟል፤ የመምህሩን ድምፅ ቀርጾ ሌሊት ይደግመዋል። የዜማ አጥኚዎቹ ኬይ ካውፍማን ሸለማይና ፒተር ጀፍሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሦስት ጥራዝ ያሳተሙትን የቤተ ክርስቲያናችንን ዜማ ስብስብ ከጠቃሚ ሥራ የሚያስቆጥረው፣ ምልክቱን ከሚሰማ ጥርት ያለ ድምፅ ጋር ማስተያየት ስለሚያስችል ነው። አንድ ጊዜ በቅጂው ውስጥ የተዋጠ ሪቨርብ ግን በቀላሉ አይወጣም፤ ማጽጃ ፕሮግራሞች ርክርኩንም አብረው ሊልጡት ይችላሉ። ስለዚህ የሊቃውንትን ድምፅ የሚቀርጽ ሁሉ ይህን እንዲያደርግ እለምናለሁ፦ ለሕዝብ የሚለቀቀው ቅጂ ላይ ፕሌቱን በልኩ ያስገባ፤ ቀኝና ግራ የቆሙትን በቀኝና በግራ ድምፅ ማጉያ ለይቶ ያስቀምጣቸው፣ የሚቀባበሉበት ክፍተት በሪቨርብ አይሞላ። ያልተነካውን ጥሬ ቅጂ ግን የመምህሩን ስም፣ ደብሩንና ቀኑን ጽፎ ለብቻው ያስቀምጥ፤ አንዱን ግልባጭም ለዜማ ቤቱ ይስጥ።